ከመደምሰስ መጻፍ ይቅደም

(የኮምፒዩተር ትምህርት ዙር ሲጠናቀቅ በጎልማሶች የማታ ትምህርት ክፍል አንድ ስደተኛ መምህር ያደረጉት ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ የራሽን እደላ በዋለበት ቀን፣ ያውም በዚህ ሙቀት፣ ድካማችሁን ችላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ኮምፒዩተር ጠቀሜታ በጠቅላላው ነበር። ስለ ጠቀሜታው ግን በየጊዜው ተነግሯችኋል፤ እኔም ደግሜ አላሰለቻችሁም። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ይኸውም ኮምፒዩተርን ከኮምፒዩተር ስለሚያገናኘው ኔትወርክ ካርድና ካርዱን ስለሚያሠራው፣ ድራይቨር ስለሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህን የመረጥሁት በዚህ ትንሽ ነገር ሳቢያ ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪያችን ስለተጎዳች፣ ጥፋቱም የእኔ ስለነበረ ነው። ነገሩን በሰው ፊት እንድናገር እርሷ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ድራይቨር የሚለው ቃል በቁሙ ሾፌር ማለት ነው። ባለፈው ዓመት "ማሽናችን ድራይቨር አጣ" ስል የሰሙ አንድ አባት "ታዲያ የውኃ ቦቴው ሾፌር ከሰዓት በኋላ ሥራ ይፈታ የለም እንዴ? ለምን እርሱን አትጠሩትም?" ብለውን ሁላችንም ስቀናል። ለእኛ ግን ከሾፌር ይልቅ አስተርጓሚ ቢባል ይቀልለናል። እዚህ እንደደረስን ሁላችንም ለምዝገባ ቀርበን እናውቃለን። ከጠረጴዛው ወዲያ መዝጋቢው በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ከጠረጴዛው ወዲህ እኛ በቋንቋችን እንመልሳለን፤ በመካከል አስተርጓሚው ይቀመጣል። አስተርጓሚው የቀረ ዕለት መዝጋቢው ጤነኛ ነው፣ እኛም ጤነኞች ነን፣ ወረቀቱም እስክሪብቶውም አለ፤ ጉዳዩ ግን አንድ እርምጃ አይራመድም። የሌላ ቋንቋ አስተርጓሚ ቢያመጡልንም ያው ነው።

በኮምፒዩተር ውስጥም እንዲሁ ነው። በአንድ ወገን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አለ፤ ይህም እንደ ዊንዶውስ ያለው፣ ማሽኑን በጠቅላላው የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው። በሌላው ወገን ገመዱ የሚሰካበት ኔትወርክ ካርድ አለ። በእኛ ማሽኖች ካርዱ ለብቻው የተሰካ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው።

በገመዱ ላይ የሚተላለፈው ቋንቋ የታወቀና አንድ ዓይነት ነው፤ ኤተርኔት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሥራውን ጀመሩ፤ በ1983 ደግሞ ሁሉም ፋብሪካ የሚከተለው ደረጃ ወጣለት። ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ ካርድ ከሌላው ፋብሪካ ካርድ ጋር በገመድ ይግባባል። ልዩነቱ ያለው ከማሽኑ ውስጥ ነው። "ይህን መልእክት ላክ፣ የመጣውን አስረክበኝ" የሚለው ትእዛዝ ለካርዱ ቺፕ የሚሰጥበት መንገድ ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ከቺፕ ቺፕ ይለያያል። ዊንዶውስ የሁሉንም ቋንቋ ሊያውቅ አይችልም። ለዚህም ማይክሮሶፍትና ስሪኮም የተባሉት ኩባንያዎች ኤንዲአይኤስ የሚባል የጋራ ደንብ አወጡ። ዊንዶውስ በዚህ ደንብ ይናገራል፤ የካርዱ አምራች ደግሞ ከደንቡ ወደ ካርዱ ቋንቋ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ይጽፋል። ድራይቨር ማለት ይህ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ነገሩ ከዚህም የከበደ ነበር። በ1990ዎቹ ኖቬል የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኤንኢ2000 የሚባል ካርድ በሰፊው ተሠራጭቶ ነበር። ብዙ ፋብሪካዎች አስመስለው ስለሠሩት፣ ለእርሱ የተጻፈው ድራይቨር ስም የሌላቸውን ርካሽ ካርዶች ጭምር ያሠራ ነበር። ሆኖም ባለሙያው የካርዱን አድራሻና ካርዱ ማሽኑን የሚጠራበትን መስመር ቁጥር በእጁ መምረጥ ነበረበት። ይህንንም የሚያደርገው ብዙ ጊዜ በካርዱ ላይ ያሉትን ጃምፐር የሚባሉ ጥቃቅን መሰኪያዎች ከቦታ ቦታ በማዛወር ነው። ካርዱ በ3 ቁጥር መስመር ላይ ቢደረግና የማሽኑ ሁለተኛ ሲሪያል መሰኪያም በዚያው በ3 ላይ ካለ ሁለቱ ይጋጫሉ። ሁለት ቤተሰብ በአንድ የራሽን ካርድ ቁጥር እንደመሰለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 የተሰካለትን ዕቃ ራሱ ለይቶ ቁጥሩንም ራሱ እንዲያድል ሆኖ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር የማደሉ ጣጣ ቀለለ፤ የአስተርጓሚው ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ባለፈው ዓመት የሆነው

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት ስድስት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በእርዳታ ተሰጡን። አራቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በላያቸው የነበረው ዊንዶውስ 7 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሲስተም ነው። ከስድስቱ አንዱ ብቻ ከኢንተርኔቱ ገመድ ጋር ተያይዞ ማመልከቻና ደብዳቤ ይላክበት ነበር፤ አምስቱ ለጽሕፈት መለማመጃ ነበሩ።

ይኸው ገመድ ያለው ማሽን በቫይረስ ተይዞ እጅግ ዘገየ። እኔም ብዙ ሳላስብ ሃርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ደምስሼ ዊንዶውስ 7ን ከዲቪዲ እንደገና ጫንሁበት። ማሽኑ ሲነሳ ፈጣን ሆነ፤ ተማሪዎችም አጨበጨቡልኝ። ኢንተርኔት ስከፍት ግን የለም።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ገመዱን ጠረጠርሁ። ሁለት ጊዜ አወጣሁት፣ ሁለት ጊዜ መለስሁት። በመሰኪያው ጎን አረንጓዴ መብራት ይበራ ነበር፤ አየሁት፣ ትርጉሙን ግን አላወቅሁም። ከዚያም ገመዱን የዘረጋልንን ወንድም ጠርቼ በተማሪዎች ፊት "ሥራህን አበላሽተሃል" አልሁት። እርሱም ቅር ብሎት ሄደ። እኔም "መስመሩ ተበላሽቷል" ብዬ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍሁ።

በዚያው ሰሞን ተማሪያችን ለከፍተኛ ትምህርት ድጋፍ የምታቀርበውን ማመልከቻ በወረቀት ሞልታ፣ የትምህርት ማስረጃዋን አያይዛ አስረክባኝ ነበር። ስልኳን ለወንድሟ ሕክምና ሸጣለች። ገበያው ውስጥ ካለው ኢንተርኔት ቤት ልሂድ ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ "ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ነገ ይስተካከላል" አልኋት። በማግስቱም ነገ፣ በሦስተኛውም ቀን ነገ አልሁ። እንዲህ እያልሁ ዘጠኝ ቀን አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ያ የተቀየመው ወንድም ሌላ ጉዳይ ይዞ መጣ። አንድም ቃል ሳይናገር ገመዱን ከማሽኑ ነቅሎ አጠገቡ ባለው ማሽን ላይ ሰካው። ኢንተርኔቱ ወዲያው ተከፈተ። ገመዱ ጤነኛ ነበር፤ መስመሩም ጤነኛ ነበር፤ ካርዱም ጤነኛ ነበር። አስተርጓሚውን የደመሰስሁት እኔ ነበርሁ። የማመልከቻው ቀን ግን ካለፈ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ አፈሰስሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ የለቀመችው ግን እርሷ ናት። በዚህ አጋጣሚ በሁላችሁ ፊት እርሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ገመዱን የዘረጋልንን ወንድሜንም እንዲሁ።

ለምን ጠፋ? እንዴትስ ተገኘ?

አንዳንዶቻችሁ "ዊንዶውስን ከነሙሉ ዲቪዲው ከጫንህ ድራይቨሩ ለምን አብሮ አልመጣም?" ትሉ ይሆናል። ዲቪዲው የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የማሽኖቹ ካርድ ቺፕ ደግሞ ከዚያ በኋላ የወጣ ነው። በ2009 የታተመ መዝገበ ቃላት ከዚያ ወዲህ የተፈጠረ ቃል አይገኝበትም። ማሽኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ድራይቨሩ በዲስካቸው ላይ ተጭኖላቸው ነበር፤ እኔ ዲስኩን ስደመስስ አብሮ ሄደ።

ድራይቨሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ ይገኛል። ድረ ገጹን ለመክፈት ግን ኔትወርክ ያስፈልጋል፤ ኔትወርኩ ደግሞ ድራይቨሩን ይጠብቃል። ወረቀቱን ለማግኘት ማኅተም፣ ማኅተሙን ለማግኘት ወረቀት እንደሚባለው ማለት ነው። እኔ ከዚህ አዙሪት የወጣሁት በሚከተለው መንገድ ነው፤ እናንተም ጻፉት።

አንደኛ፣ የካርዱን ማንነት መጠየቅ። ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለውን ስንከፍት ቢጫ ምልክት ያለበት "ኤተርኔት ኮንትሮለር" የሚል መስመር ይታያል። ቢጫው ምልክት "ዕቃው አለ፣ ቋንቋውን ግን አላውቅም" ማለት ነው። በእርሱ ላይ የማውዙን ቀኝ ተጭነን ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ዲቴይልስ፣ ቀጥሎ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ስንመርጥ ረዥም ጽሑፍ ይወጣል። ከጽሑፉ የሚያስፈልጉን ሁለት ቁጥሮች ናቸው። "ቬን" ከሚለው ቀጥሎ ያለው የአምራቹ መለያ ነው፤ "ዴቭ" ከሚለው ቀጥሎ ያለው የቺፑ መለያ ነው። የእኛ ማሽን 8086 እና 1502 የሚል ነበር። 8086 የኢንቴል ኩባንያ መለያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የታወቀ ፕሮሰሰርም በዚሁ ቁጥር ይጠራል። 10ኢሲ የሚል ብታገኙ ሪልቴክ ነው፤ 14ኢ4 ቢሆን ብሮድኮም ነው። ድራይቨር የሚፈለገው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች እንጂ በኮምፒዩተሩ ሳጥን ላይ በተለጠፈው ስም አይደለም። ሳጥኑን የሠራው ሌላ፣ ቺፑን የሠራው ሌላ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚው ካልተደመሰሰ ወንድም ማሽን መዋስ። አንድ ዓይነት ከሆኑት አራት ማሽኖች ሦስቱ እንዳልተነኩ ነበሩ። እነርሱንም በዚያው ሳምንት ለመደምሰስ አቅጄ ነበር፤ ያላደረግሁት መብራት ስለጠፋ ብቻ ነው። ካልተነካው ማሽን ላይ በሲስተም 32 ፎልደር ውስጥ ድራይቨር ስቶር፣ በእርሱም ውስጥ ፋይል ሪፖዚተሪ የሚል ፎልደር አለ። የእያንዳንዱ ዕቃ ድራይቨር በየራሱ ፎልደር ተቀምጦ ይገኛል። በፎልደሩ ውስጥ መጨረሻቸው "ሲስ"፣ "አይኤንኤፍ" እና "ካት" የሆኑ ፋይሎች አሉ። "ሲስ" አስተርጓሚው ራሱ ነው። "አይኤንኤፍ" አስተርጓሚው የትኞቹን ቺፖች እንደሚያውቅና እንዴት እንደሚጫን የሚገልጽ በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ስትከፍቱት ቅድም ያነሣኋቸውን ቁጥሮች በውስጡ ታገኛላችሁ። "ካት" ደግሞ ፋይሎቹ እንዳልተነካኩ የሚያረጋግጥ ማኅተም ነው። ስለዚህ አንዱን ፋይል ብቻ ሳይሆን ፎልደሩን በሙሉ በፍላሽ መገልበጥ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ፍላሹን በተጎዳው ማሽን ላይ ሰክቶ፣ ከዲቫይስ ማኔጀር አፕዴት ድራይቨር የሚለውን መርጦ፣ "ኢንተርኔት ላይ ፈልግ" ሳይሆን "ከዚህ ፎልደር ውሰድ" ብሎ ፍላሹን ማሳየት ነው። ቢጫው ምልክት ጠፋ። ሥራው በሙሉ ከሩብ ሰዓት አልፈጀም። ዘጠኝ ቀን ያጣሁት በሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ነገር አስጠነቅቃለሁ። ከዚያ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ድራይቨር ነው የተባለውን ሁሉ ሳወርድ የኢንተርኔት ሂሳቡን ጨርሼበት ነበር፤ አንዱም አልሠራም። ለዊንዶውስ ኤክስፒ የተጻፈ ነበር አንዱ። የ32 ቢት ነበር ሌላው፤ የእኛ ማሽን ግን የ64 ቢት ነው። የአስተርጓሚው ቋንቋ በሁለቱም ወገን መግጠም አለበት፤ ከካርዱም ጋር፣ ከሲስተሙም ጋር። ደግሞም ምንጩ ካልታወቀ ድረ ገጽ የሚወርድ ድራይቨር አደገኛ ነው። ድራይቨር በማሽኑ ውስጥ ሙሉ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ነውና፣ የማታውቁትን ሰው በቃለ መጠይቃችሁ መካከል አስተርጓሚ አድርጋችሁ እንደማታስቀምጡ ሁሉ የማይታወቅ ድራይቨርም አታስገቡ።

ስለ አሮጌ ሲስተም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ለተራ ተጠቃሚ ይሰጥ የነበረውን ጥገና እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አቁሟል። ማሽኑ መሥራቱን አይተውም፤ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝበት ግን የሚደፍንለት የለም። ስለዚህ የጉዳያችሁን ወረቀትና የይለፍ ቃላችሁን የምትልኩበት ማሽን ይህ ሊሆን አይገባም። እኛም የኢንተርኔቱን ገመድ ወደ ሌላ ማሽን አዛውረን በላዩ ሊኑክስ ጭነንበታል። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። ሊኑክስ የብዙ ካርዶችን ድራይቨር በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ የእኛ ካርድ ያለ ፍለጋ ሠራ። በ1990ዎቹ ዶናልድ ቤከር የተባለ ፕሮግራመር፣ ኤንኢ2000ን ጨምሮ ለብዙ የኤተርኔት ካርዶች ድራይቨር ጽፎ ማንም እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው ክፍት አድርጎ ሰጥቷል። ሌሎች ከእርሱ ተቀብለው ቀጠሉ። ዊንዶውስ ያለባቸው አምስቱ ማሽኖች ግን የትምህርታችን መጽሐፍ ለእርሱ የተዘጋጀ ስለሆነ ለመለማመጃ ይቆያሉ፤ ከኢንተርኔት ጋር ሳይሆን እርስ በርሳቸው ብቻ ተያይዘዋል።

ደብተሩ

ወደ መጨረሻው ነጥቤ ልምጣ። ከእኔ በፊት በዚህ ክፍል የሚያስተምረው ወንድም እንዲህ ያለውን ሥራ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድበት ቀን ሲነገረው የቀረው ጊዜ ሦስት ቀን ነበር። ቤተሰቡን ያዘጋጅ ወይስ ለእኔ ያስረዳኝ? አልወቅሰውም። ነገር ግን እውቀቱ ከእርሱ ጋር በአውሮፕላን ሄደ፤ በክፍሉ ውስጥ የጻፈው አንድም ገጽ የለም። እኔም ዛሬ እዚህ ቆሜ እናገራለሁ፤ በሚመጣው ወር የት እንደምሆን ግን አላውቅም። ከእናንተም መካከል ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀር የሚያውቅ የለም። ካምፕ ማለት ሰው የሚያልፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ የምናውቀው በጭንቅላታችን ብቻ ከሆነ እኛ በሄድን ቁጥር ይህ ክፍል ዲስኩ እንደተደመሰሰ ማሽን ይሆናል።

በዚህም ምክንያት ይህን ደብተር ከፍተናል። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ አለው። የማሽኑ ቁጥር፣ ሲስተሙ፣ 32 ወይም 64 ቢት መሆኑ፣ የካርዱ ሁለት ቁጥሮች፣ ድራይቨሩ የተቀመጠበት ፍላሽ፣ ማን መቼ ምን እንደነካ ይጻፍበታል። በደብተሩ ሽፋን ላይ ደግሞ ሦስት ትእዛዞች ተጽፈዋል። ኢንተርኔት ቢጠፋ በመጀመሪያ ገመዱን በጎረቤት ማሽን ሞክር። ማንኛውንም ዲስክ ከመደምሰስህ በፊት ድራይቨሮቹን በፍላሽ አውጣ፣ ቁጥራቸውንም ጻፍ። ምክንያቱን ሳታውቅ ሰው አትውቀስ። ሦስተኛው የኮምፒዩተር ትምህርት አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እኔን ግን ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እርሱ ነው።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። በእኛ ክፍል ደግሞ ከመደምሰስ መጻፍ ይቅደም እንላለን።

የደብተሩ ያዥ ያቺው ተማሪያችን ናት። ኃላፊነቱን የወሰደችው ራሷ ጠይቃ ነው። ዘንድሮ ማመልከቻዋን ራሷ ጽፋ፣ ማስረጃዋን ራሷ አያይዛ፣ ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልካለች። መልሱ ገና አልመጣም። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ወደዚህ ክፍል ሲመጡ በመጀመሪያው ቀን የምናስተምራቸው ማውዝ መያዝን ሳይሆን ያንን ደብተር ማንበብን ነው።